ተያዥ የሌለው እንግዳ

ከሞጣ ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ጉልበት ይፈትናል። ታች፣ ወንዙ በጠበበበት፣ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኘ የድንጋይ ድልድይ አለ። የአገሩ ሰው ሰባራ ድልድይ ይለዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ እንደታነጸ ይነገርለታል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላትን ጉዞ ለማገድ ሲባል ወገቡ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ያህል ሰው ክፍተቱን በገመድ ሲሻገር ኖረ። በወዲህኛው ጫፍ ጠንካራ ሰዎች ይቆማሉ፣ በወዲያኛውም እንዲሁ። መንገደኛው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል። የወዲያኞቹ ይስባሉ፣ የወዲህኞቹ እየመጠኑ ይለቃሉ። ከታች ዓባይ ይጮኻል።

ይህ አሻጋገር በፎቶግራፍ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ፎቶውን ያየው አሜሪካዊው የሥራ ተቋራጭ ኬን ፍራንትዝ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ ክፍተቱም በ2002 በብረት ተጋጠመ። በ2005 ጎርፍ መጥቶ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 በሽቦ ገመድ የተወጠረ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ብረቱና ስለ ሽቦው ነው። እኔ ግን ያንን ቦታ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የእጅ ገመዱ ነው። ከኋላ የቀረው መንገደኛውን ያውቀዋል፤ የመንደሩ ሰው ነው። ከፊት የቆመው ይቀበለዋል። እግሩ ድንጋይ እስኪረግጥ ድረስ ከሁለቱ አንዳቸውም እጃቸውን አይፈቱም።

ዛሬ ቢቸና የተቀመጠ ባለሙያ ባሕር ዳር ካለ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ አበባ ካለ አጋር ድርጅት ወይም ባሕር ማዶ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ፋይል ሲጋራ የሚሻገረው ገደል አይታየውም። ቁልፍ ይጫናል፣ ፋይሉ ይከፈታል፣ በቃ። ገደሉ ስለማይታይ ገመዱን ማን እንደያዘው የሚጠይቅም የለም። በእኔ እምነት በመሥሪያ ቤቶቻችን የኮምፒውተር አሠራር ውስጥ ካሉት ጉድለቶች ሁሉ በጣም የተዘነጋውና ዋጋውም የሚከብደው ይኸኛው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ክላውድ የሚለው ቃል ፋይላችን አየር ላይ የሚንሳፈፍ ያስመስላል። ፋይሉ ያለው ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው። ማይክሮሶፍትን ወይም ጉግልን ትልቅ ሕንፃ እንዳለው አከራይ እንቁጠረው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ክፍል ይከራያል፣ የራሱን ቁልፍ ይይዛል፣ የራሱን ሠራተኞች ስም ዝርዝር በር ላይ ይለጥፋል። የሙያው ሰዎች ይህን ክፍል ቴናንት ይሉታል፤ ተከራይ ማለት ነው። በር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁለት ነው። ማን ነህ? የትኛውን መሳቢያ መክፈት ይፈቀድልሃል? በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ቀላል ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው የአንዱ ቤት ሰው ሌላው ቤት ያለውን መሳቢያ መክፈት ሲያስፈልገው ነው። አንድ ፕሮጀክት አራት መሥሪያ ቤት ያገናኛል፤ አራቱም የየራሳቸው ክፍል፣ የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው።

በእኛ አካባቢ ይህን ክፍተት የምንሻገርባቸውን መንገዶች ለዓመታት አይቻለሁ። አንደኛው የጋራ ፓስወርድ ነው። አንድ አካውንት ይከፈትና ፓስወርዱ በቴሌግራም ለሁሉም ይላካል። አንድ ቀን የአንድ ቀበሌ ቁጥር ተቀይሮ ይገኛል፤ ማን ቀየረው? ሁሉም በአንድ ስም ስለገቡ መልስ የለውም። ሌላው በእያንዳንዱ ቤት ለእንግዳው አዲስ አካውንት መክፈት ነው። ይህ ጨዋ ይመስላል። ሰውየው ግን አራት ስምና አራት ፓስወርድ ይዞ ይዞራል፣ ማስታወስ ሲያቅተው አራቱንም አንድ ያደርጋቸዋል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሲለቅም ሌሎቹ ሦስቱ ቤቶች ወሬውን አይሰሙም። ከሁሉም የሚብሰው ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ይግባ የሚለው አሠራር ነው። ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ገበያ መሐል የተበተነ ወረቀት ነው፣ ማን እንዳነሳው አይታወቅም።

አንድ ጊዜ የአንድ የጋራ ጥናት ፎልደር አጥራልን ተብዬ ተጠራሁ። የመሥሪያ ቤቶቹን ስም እዚህ አላነሳም። ጥናቱ ካለቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። በፎልደሩ ውስጥ የቤተሰብ መጠይቆች ነበሩ፤ የአባወራ ስም፣ የመሬት ስፋት፣ የጤና ሁኔታ፣ ስልክ ቁጥር። መግባት የሚችሉትን ሰዎች ዝርዝር አወጣሁና ከጥናቱ አስተባባሪ ጋር አንድ በአንድ አነበብነው። ከዝርዝሩ ግማሽ የሚሆኑት ሥራ ለቀዋል። ጥቂቶቹ አገር ለቀዋል። አንዱ አርፏል፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማረው። ሦስቱን ማናቸው እንደሆኑ አስተባባሪውም፣ እኔም፣ ማንም ሊያውቃቸው አልቻለም። በግል ጂሜይል የገቡ፣ በቅጽል ስም የተመዘገቡ ነበሩ። የዚያን ቀን የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም። እነዚያ ገበሬዎች ቤታቸውን ከፍተው፣ ለመጠይቅ ሰብሳቢው ጠላ ቀድተው፣ ምስጢራቸውን የነገሩት ለሚያዩት ሰው ነው። አደራ ነው የሰጡት። አደራውን ግን እኛ ለማናውቀው ሰው አሳልፈን ሰጠነው።

አገራችን ይህን ጉዳይ በወረቀት ዘመን ፈትታው ነበር፤ ይህን ነው ደጋግሜ የማስበው። ገንዘብ ያዥ፣ የጥበቃ ወይም የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲቀጠር ተያዥ አምጣ ይባላል። ተያዡ ስሙን ይፈርማል፤ ያስያዘው ሰው ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሰው ሲላክ የትብብር ደብዳቤ ይይዛል፤ ‹‹የደብዳቤው አምጪ ባልደረባችን ስለሆነ አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት›› የሚለውን ቃል ያልጻፈ የጽሕፈት ሠራተኛ የለም። ከቀበሌ ቀበሌ የሚዛወር ነዋሪ ደግሞ መሸኛ ይጠየቃል። የድሮው ቀበሌ ከመዝገቡ ሰርዞ ካልሸኘው አዲሱ አይመዘግበውም። ሦስቱም አሠራሮች አንድ ነገር ይላሉ፤ ሰውን የሚመሰክርለት የሚያውቀው ቤት ነው፤ ተቀባዩ ምስክርነቱን አይቶ ይፈቅዳል፤ ሁለቱም ወገን መዝገብ ይይዛል።

በክላውድ ላይ የእንግዳ አካውንት የሚባለው ነገር በትክክል ሲሠራ ይህንኑ ነው። ለምሳሌ በማይክሮሶፍት አሠራር የሞጣው ባለሙያ ወደ ባሕር ዳሩ ክፍል ሲጋበዝ ባሕር ዳር አዲስ ፓስወርድ አይሰጠውም። ስሙ በእንግዳ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል። በር ላይ ሲደርስ የባሕር ዳሩ ቤት ወደ ሞጣው ቤቱ ይልከዋል፤ ፓስወርዱን የሚያየው፣ ባሕር ዳር ካመነበትም ወደ ስልኩ የሚላከውን ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀው የራሱ ቤት ነው። የራሱ ቤት ‹‹አዎ፣ የእኛ ነው፣ አረጋግጠናል›› ብሎ የተፈረመ ምስክርነት ይሰጠዋል። ባሕር ዳር ያንን ያምንና መሳቢያውን ይከፍትለታል። የሞጣው መሥሪያ ቤት ሰውየውን ያሰናበተ ዕለት የራሱን አካውንት ይዘጋል፤ ምስክርነት የሚሰጠው ስለሌለ ባሕር ዳርም መግባት ያቆማል። ያኔ የተከፈተ መስኮት ቢኖር ለአንድ ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ያበቃል።

የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ኤዱሮምን ያውቁታል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ ተጀምሮ ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ደርሷል። ተመራማሪው ሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ስልኩ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ስምና ፓስወርድ ዋይፋይ ያገኛል። እንግዳ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ፓስወርዱን በፍጹም አያየውም፤ የሚያገኘው ‹‹ይግባ›› ወይም ‹‹አይግባ›› የሚል የላኪውን ቤት ቃል ብቻ ነው። በመላው ዓለም የሚዞር የትብብር ደብዳቤ ማለት ነው።

እንግዲህ ከላይ ያነሳኋቸው ሦስቱ ጂሜይሎች ለምን አደገኛ እንደሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። እንግዳን በግል ጂሜይሉ ስትጋብዘው የሚመሰክርለት ጉግል ነው። ጉግል ሊመሰክር የሚችለው ‹‹ይህን ሣጥን የከፈተው ያው ሰው ነው›› ብሎ ብቻ ነው። ሥራ ይልቀቅ፣ ይዛወር፣ ይባረር ጉግል አያውቅም፤ ሊያውቅም አይገባውም። የመሥሪያ ቤቱ ዲሬክተር የስንብት ደብዳቤ ፈርሞ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር ከደመወዝ ዝርዝር አውጥቶት፣ ሰውየው በሚቀጥለው ቀን ጠዋት የገበሬዎቹን መጠይቅ እንደ ወትሮው ይከፍታል። ከኋላ ገመዱን የያዘ ሰው የለም።

ፋይዳ ይህን አይፈታውም ወይ የሚል ጥያቄ በቅርብ ጊዜ ከአንድ ወጣት ቀርቦልኝ ነበር። መልካም ጥያቄ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት የሰጠው ፋይዳ አንድ ሰው አንድ ሰው መሆኑን ያረጋግጣል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ በሁለት ስም የመመዝገብን በር ይዘጋል። ነገር ግን ሰው ማን መሆኑና የማን ባልደረባ መሆኑ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዕድሜ ልክ አይቀየርም። ሁለተኛው በአንድ ደብዳቤ ይቀየራል። የፋይል መግቢያ መታሰር ያለበት በሁለተኛው ላይ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ምስክሩ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው።

የጤና ሥርዓታችን ለዚህ ጥሩ ማሳያ አለው። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የመረጃ ሥርዓት የተጠቃሚን ፈቃድ የሚያስረው ከቦታ ጋር ነው። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የት ቦታ መረጃ መመዝገብ እንደሚችልና የየትን ቦታ መረጃ ማየት እንደሚችል ለየብቻ ይወሰንለታል። ቢቸና ያለች የእነማይ ወረዳ ባለሙያ በዚህ መልኩ ስትመዘገብ የወረዳዋንና ከሥሩ ያሉትን ተቋማት ትሠራለች፤ ሞጣ ያለው የሁለት እጁ እነሴ ባልደረባዋ የራሱን። አሳቡ ግሩም ነው። ፈተናው የሚመጣው ዝውውር ሲኖር ነው። የዝውውር ደብዳቤው ግልባጭ ለፋይናንስ፣ ለሰው ኃይል፣ ለሚሄድበት ወረዳ ይላካል። አካውንቱን ለሚያስተዳድረው ሰው ግልባጭ ካልደረሰው አካውንቱ በቀድሞው ወረዳ ተቸንክሮ ይቀራል፤ ባለሙያዋ አዲሱ ቦታ ሥራ ለመጀመር ስትቸኩል የሌላ ሰው ፓስወርድ ትዋሳለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ሥራ እንዲቆም የማትፈልግ ታታሪ ሠራተኛ ናት። ግልባጭ ለ የሚለው የደብዳቤው የታች መስመር ላይ አንድ ስም ስለጎደለ የሆነ ነው።

ተቋማቱ ትልልቅ በሆኑበት ይህን የግልባጭ ሥራ ማሽን እንዲሠራው ተደርጓል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ ያዋለው አሠራር የላኪውን ቤት ዝርዝር ወደ ተቀባዩ ቤት በየ40 ደቂቃው ገደማ ያስተላልፋል። ላኪው ስም ሲያወጣ ተቀባዩ ጋ ይወጣል፤ ሲያስገባ ይገባል። ለዚህ ሁለቱም ወገን አስቀድመው መስማማት አለባቸው። ላኪው ሰዎቼ ወደ የትኛው ቤት ይሂዱ ብሎ ይወስናል፤ ተቀባዩም ከየትኛው ቤት የመጡትን ልቀበል፣ የእነሱን ሁለተኛ ማረጋገጫስ ልመን ወይስ እንደገና ልጠይቅ ብሎ ይወስናል። ሁለቱም ጫፍ ላይ እጅ አለ። ፈቃዱ በክፍያ ስለሆነ የወረዳ መሥሪያ ቤት ይህን ይግዛ አልልም። አንድ ሠንጠረዥ ይበቃዋል፤ የእንግዳው ስም፣ ተያዡ፣ የመጣበት ቤት፣ የሚወጣበት ቀን። የሚወጣበት ቀን ያልተጻፈለት እንግዳ እንዳይገባ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

ይህን ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል ሀብታሞቹም አይተውታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 2023 የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በመረጃ ዘራፊዎች ተመታ። ወደ 600 ጊጋባይት የሚጠጋ መረጃ ወጣበት፣ አገልግሎቱ ለወራት ተስተጓጎለ። ቤተ መጻሕፍቱ መጋቢት 2024 ባወጣው ዘገባ ራሱን ሳይሸፍን ተናገረ። ዘራፊዎቹ ገቡበት ተብሎ የሚገመተው በር በ2020 ለውጭ አጋሮችና ለኮምፒውተር አስተዳዳሪዎች የርቀት መግቢያ ተብሎ የተተከለ ሰርቨር ነበር። ያ በር ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ለእንግዳ የተከፈተው በር ከዋናው በር የላላ ሆኖ ተገኘ።

ይህ የሎንዶን ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። ይኸው ቤተ መጻሕፍት አደጋ ያንዣበበባቸውን መዛግብት ለማዳን በሚያካሂደው ፕሮግራም አማካይነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኙ የብራና መጻሕፍት በዲጂታል ተቀድተዋል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ የአገሩን ብራና በኮምፒውተር ሊያነብ የፈለገ ተማሪ፣ ሎንዶን ላይ የላላ አንድ የእንግዳ በር የእሱንም መንገድ ዘጋበት።

የማይክሮሶፍት የራሱ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ኩባንያው ጥር 2024 እንዳስታወቀው፣ ከሩሲያ ጋር የሚያያዝና ሚድናይት ብሊዛርድ ብሎ የሚጠራው ቡድን ከኅዳር 2023 መጨረሻ ጀምሮ የከፍተኛ ኃላፊዎቹን ኢሜይል ሲያነብ ቆይቷል። የገባው በዋናው ክፍል አልነበረም። ለሙከራ የተከፈተ፣ የተረሳ ሌላ ክፍል ነበር፤ በዚያ ውስጥ አንድ አሮጌ አካውንት ነበር፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ የለውም። ተራ ፓስወርዶችን እየቀያየሩ ሲሞክሩ ተከፈተ። ከዚያ ክፍል ወደ ዋናው ክፍል የሚያሻግር ፈቃድ የተሰጠው አንድ አሮጌ ፕሮግራም ስለነበር በእሱ ተንጠላጥለው ተሻገሩ። ሕንፃውን ያከራየው ኩባንያ እንኳ ከጓዳ ወደ ሳሎን የሚያገባውን የተረሳ በር አላወቀውም ነበር። ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል፤ ድልድይ የሚሠራ ሁሉ የሠራውን ድልድይ ዝርዝር መያዝ አለበት፤ ለሰው የተሰጠውን ብቻ ሳይሆን ለፕሮግራም የተሰጠውንም ፈቃድ ጭምር።

ስለ መግቢያ ብዙ ተናገርኩ። ስለ ባለቤትነት ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም በመሥሪያ ቤቶቻችን የበለጠ የምንጎዳው በዚህ ይመስለኛል። ሠራተኛው ያዘጋጀው ሰነድ የሚቀመጠው በራሱ አካውንት ውስጥ ነው። እሱ ሲለቅ አካውንቱ ይዘጋል፣ ሰነዱም አብሮት ይሄዳል። ጉግል ላይ የተሰረዘ የመሥሪያ ቤት አካውንት በ20 ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ጠፋ ማለት ነው፤ ማይክሮሶፍት ላይ 30 ቀን ነው። የአገራችን የርክክብ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ የሚያውቅ ሰው እነዚህ ቀኖች ምን ያህል አጭር እንደሆኑ ይገባዋል። መፍትሔው አብሮ የተሰጠን ነው። ጉግል የጋራ ድራይቭ የሚለው፣ ማይክሮሶፍት ሼርፖይንት የሚለው ቦታ ፋይሉን የመሥሪያ ቤቱ ያደርገዋል። ጸሐፊው ይሄዳል፣ ሰነዱ ይቀራል፤ ልክ መዝገብ ቤት ውስጥ እንደ ተያያዘ ፋይል። ብዙ ቦታ ግን ሠራተኛው በራሱ ቦታ ጽፎ፣ ከዚያ ሊንኩን ያጋራል። መዝገብ ቤት የሚገባውን ፋይል በቦርሳው ይዞ እየዞረ ሰው ሲጠይቀው አውጥቶ እንደሚያሳይ ሰው ነው።

የቁልፉም ያዥ እንዲሁ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ በአንድ ባለሙያ የግል ስልክ ይከፈታል፤ የቴሌግራም ቻናሉም፣ የክላውዱ ዋና አድሚንም። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ባለቤቱ ሲሄድ መሥሪያ ቤቱ የገዛ በሩን ያንኳኳል። ማይክሮሶፍት ለአደጋ ጊዜ የሚሆኑ ቢያንስ ሁለት የተለዩ ዋና ቁልፎች ተዘጋጅተው እንዲቀመጡ፣ የዋና አድሚኖች ቁጥርም ከአምስት እንዲያንስ ይመክራል። በጎጃም አድባራት ላደገ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። የዕቃ ቤት ቁልፍ ሁሉ በአንድ ሰው ኪስ አይውልም፤ ገበዙ ብቻውን የሚከፍተው አለ፣ ሌሎች ባሉበት ካልሆነ የማይከፈትም አለ። ዲማ ጊዮርጊስም ሆነ መርጡለ ማርያም ለዘመናት ቅርስ ጠብቀው ያቆዩን ቤቶች ናቸው፤ ብራናው ዛሬ ድረስ የደረሰው ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን አደራ ተቀበለ የሚለውን በቁም ነገር የያዙ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ቅርስን ቤቱ ትቶ ቅጂውን ማሻገር እንደሚቻልም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት የገዳማትንና የአድባራትን መጻሕፍት ፎቶ አነሳ፤ በፖለቲካው ማዕበል መሐል እየሠራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ቀዳ። ብራናው ከባለቤቱ ጋር ቀረ። ማይክሮፊልሙ አዲስ አበባም፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍትም ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ለዓመታት ተቀምጠው የመጻሕፍቱን ዝርዝር አዘጋጁ። ዛሬ የቤተ መጻሕፍቱን የኢንተርኔት ንባብ ክፍል መጠቀም የፈለገ ሰው በነጻ ይመዘገባል፤ ስሙን ይሰጣል፣ የአጠቃቀሙን ደንብ ይቀበላል፣ ከዚያ ያነባል። ያለ ስም የሚገባ የለም። እንግዳ ተቀባይ ናቸው፤ እንግዳቸውን ግን ያውቁታል።

ስለ ክላውድ ሲወራ በእኛ ክልል ሊዘለል የማይችል ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ፋይሉ ሩቅ ያለ ሰው ያኔ እጁ ባዶ ሆነ። ኔትወርክ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመው፤ ፓስወርዱን ረስቶታል፣ ማረጋገጫ የሚላክበት ሲም ካርድ ተዘግቷል፣ የሚያስከፍተው አድሚንም ከተማውን ለቋል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ዋና ሰነዶች ቅጂ እዚያው ሞጣ፣ እዚያው ቢቸና፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ በሃርድ ዲስክ መቀመጥ አለበት እላለሁ። ኔትወርክ ለሌለበት ጊዜ የሚሆን፣ በወረቀት ታትሞ በታሸገ ፖስታ የሚቀመጥ የማስከፈቻ ኮድም እንዲሁ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጉዳዩን ከምክር ወደ ግዴታ አሻግሮታል። የሰው መረጃ የሰበሰበ ተቋም መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት፤ ለሌላ ወገን ሲያጋራም ኃላፊነቱ ከትከሻው አይወርድም። እንግዲህ የጋራ ጥናት ስምምነት የሚፈራረሙ ተቋማት የበጀቱንና የአበሉን አንቀጽ በሚጽፉበት ጥንቃቄ ሌላ አንቀጽ ይጻፉ፤ ፋይሉ በየትኛው ቤት ይቀመጣል፣ ከእያንዳንዱ ቤት ተያዡ ማን ነው፣ ሥራው ሲያልቅ በሩን በስንት ቀን ውስጥ ማን ይዘጋል? ከፈረሙ በኋላ ሳይሆን ከመፈረማቸው በፊት።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ዘመዴ ሥራ ልትለቅ ክሊራንስ ስትጨርስ አብሬያት ዞርኩ። ወረቀቱ ረዥም ነው። ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ተሽከርካሪ ስምሪት፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር፤ እያንዳንዱ ‹‹ከዕዳ ነጻ ነች›› ብሎ ይፈርማል። የወንበርና የካልኩሌተር ርክክብ ተደርጎ ተፈረመ። መዝገብ ቤት ስንደርስ በሥራው ያረጁትን ሴት ‹‹እትዬ፣ የኢሜይሏንና የፋይል መግቢያዋን የሚዘጋው ማነው? እዚህ ላይ የለም›› አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ‹‹እውነትም የለም። እኔ ስንቱን ሸኘሁ መሰለህ፣ ልጄ?›› አሉ። ዘመዴ የአራት ድርጅቶች ፎልደር እንደምትከፍት፣ ሁለቱ በግል ጂሜይሏ እንደሆኑ ነገረቻቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የወረቀቱ ግርጌ ላይ፣ ከማኅተሙ በላይ ባለው ጠባብ ቦታ፣ በእጃቸው አንድ መስመር አሰመሩና ‹‹የኮምፒውተር መግቢያ›› ብለው ጻፉ። ‹‹ማን ይፈርምበታል?›› አሏት። የሚፈርም ሰው ፍለጋ ሁለተኛ ፎቅ ወጣን።